ዓይኑን የጨፈነው ቢራቢሮ

ዞምባ፣ የችግኝ ጣቢያው
ሜይ 18 ቀን 1989

የተከበሩ ማዪ ኤኒፋ፣

ከሰላምታ በፊት ስድብ የያዘ ደብዳቤ ሲደርሰኝ በሕይወቴ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን የጻፈችልኝ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሚስቴ ነበረች። ቢሆንም እኔ በሰላምታ እጀምራለሁ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቺክዋዋ ሙቀቱ በረድ አለላችሁ? እኛ ዘንድ ከተራራው የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ይህን የምጽፍልዎ ሁለት ሹራብ ደርቤ ነው።

«የእህትዎ ልጅ ኤሉቤ የእህቴን ልጅ ቢስዊክን ለምን እንዲህ አዋረደችው?» ብለው ጠይቀዋል። አላዋረደችውም። እርስዎ ለቢስዊክ እንደሆኑት ሁሉ እኔም ለኤሉቤ አጎት ብቻ ሳልሆን ለትዳሯ ሽማግሌዋ ነኝ። ስለዚህ የማውቀውን ከመጀመሪያው ልናገርና ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።

በፌብሩዋሪ ዝናብ ሁለቱ ልጆች እዚህ ኤሉቤ በተማረችበት ኮሌጅ ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር ተጠልለው ሳለ፣ ቢስዊክ እንደ ምንም ብሎ «ታገቢኛለሽ?» አላት። እሷም «ከፈተናዬ በፊት አልመልስም» አለችው። እግራቸው ሥር ከወደቀ ማንጎ ላይ አንድ ቡናማ ቢራቢሮ ተቀምጧል፤ በክንፉ ጠርዝ ዙሪያ የወርቅ ቀለበት ያጠለቁ ጥቁር ዓይኖች የተደረደሩበት፣ ያ ሁላችንም አፍጣጩ የምንለው። «እሺ ካልኩህ ይሄንን ቢራቢሮ እልክልሃለሁ። እምቢ ካልኩህ ምንም አልክም» አለችው። በማርች እርስዎ እንደ ደንባችን የጋብቻ መጠየቂያውን አውራ ዶሮ ይዘው መጡ፤ የልጅቷ መልስ ተሰምቶ እኛ ሴት ዶሮ እስክንልክ ድረስ አውራው እኔ ቤት በሕይወት እንዲቆይ ተስማማን። ፈተናው አለቀ፣ ልጅቷም ቢራቢሮውን በክብሪት ቀፎ አድርጋ ላከች። እስከዚህ ልክ ነኝ?

የደረሰው ግን እንቅልፋሙ ነው አሉኝ፤ ዓይኖቹ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉት፣ ደረቅ ቅጠል የመሰለው። ቢስዊክም «ዓይንህን ላፈር ማለቷ ነው» ብሎ «ገባኝ። ደህና ሁኚ» የሚል ወረቀት ጻፈላት። እሷ ወረቀቷን አንብባ፣ አጥፋ ኪሷ ከተተቻትና ከዚያ ወዲህ የልጁን ስም አላነሳችም። ስጠይቃት «ያንኑ ቢራቢሮ ነው የላኩት። ካላመነ የራሱ ጉዳይ» ብላ ትዘጋኛለች።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ሠላሳ ዓመት ችግኝ ሳፈላ ስኖር አፍጣጩና እንቅልፋሙ ሁለት ዘር ናቸው ብዬ ነው የማውቀው። ልጅቷ ግን ዋሽታኝ አታውቅም። ስለዚህ ላጣራ ነው። ከተጣለ ሙዝ ላይ ክንፏ የተተለተለ አንዲት አሮጊት አፍጣጭ ይዤ፣ አጎበር ሥር ከበቆሎ ቡቃያ ጋር አስቀምጫታለሁ። እንቁላል ከጣለች ከተፈለፈሉት ግማሹን ለእርስዎ እልካለሁ፤ ብቻዬን ባሳድጋቸው ኋላ «ቀለም ቀብቶ ነው» ማለትዎ አይቀርም።

አውራ ዶሮው እንዴት ሆነ ብለዋል። ስላሰቡለት እጅግ አመሰግናለሁ።

አክባሪዎ ላይተን


ቺክዋዋ
ሜይ 31 ቀን 1989

ባምቦ ላይተን፣

እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ደህና ነው፣ ምላሴም እንደሚያዩት ደህና ነው። ስለ ስድቡ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ብዕር ካነሳሁ በኋላ ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ሐሳቤን ቀየርኩ። ዶሮው እንዴት ነው ስል ያሰብኩለት መሆኔን ልነግርዎ አልነበረም። ዶሮው እንዴት ነው?

ትሎቹን የላኩበት ቆርቆሮ ደርሷል። የአውቶቡሱ ረዳት «ማዪ፣ ትል ከዘመድ የሚላክለት ሰው ዛሬ ገና አየሁ» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። አሥራ ሁለት ብለው ጽፈዋል፣ እኔ የቆጠርኩት አሥራ አንድ ነው። አንዱ መንገድ ላይ ወርዶ ይሆናል። በድስት በቆሎ ዘርቼላቸው ወጥ ቤት፣ ከምድጃው ጀርባ ካለው መደብ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ከዚያ ሌላ ዶሮ የማይለቅማቸው ቦታ የለኝም። የኔ ዶሮዎች፣ እግዜር ይመስገን፣ ሁሉም በሕይወት አሉ።

ከቆርቆሮው ጋር በላኩት ወረቀት ስለ ቢስዊክ የጠየቁኝን ልመልስ። ጥጥ መግዣው ጣቢያ ሄዶ ይመዝናል፣ ይመለሳል፣ የንሲማ ገንፎው ፊቱ ይቀዘቅዛል። ካሮንጋ ያለው ጣቢያ ሰው ይፈልጋል ሲባል እጁን ያወጣ እሱ ብቻ ነው። ኦገስት 26 በሚነሳው አውቶቡስ ይሄዳል። ካሮንጋ እኮ የአገሩ ጫፍ ነው! ከዚያ ወዲያ ሽማግሌም ይሁን ቢራቢሮ አይደርስበትም፤ እኔም ልጄን አጣሁ ማለት ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝና ማታ ማታ አውቶቡሱ እንዲበላሽ እጸልያለሁ። ይህንን ለማንም አይንገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ጠልቻታለሁ» ይለኛል፣ የክብሪት ቀፎውን ግን ከሸሚዝ ኪሱ አውጥቶ አያውቅም። ሸሚዙን ላጥብልህ ስለው መጀመሪያ ኪሱን ይደብቃል።

ኤኒፋ


ዞምባ
ጁን 24 ቀን 1989

የተከበሩ ማዪ ኤኒፋ፣

የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፣ የምጽፈው አጥቼ ነው። በሁለተኛው ወረቀትዎ የእርስዎዎቹ እንደ ጣት ወፍረዋል ብለው ሲጽፉልኝ ቀናሁ። የኔዎቹ ገና የክብሪት እንጨት ናቸው። ትንሽ ይቀማምሳሉ፣ ከዚያ ቅጠል ላይ ተጋድመው ይውላሉ፤ ብርድ ሲሆን እኔም እንደዚያው ነኝና አልፈርድባቸውም። ሁለቱን ጉንዳን በልቶብኛል። አሁን ቆርቆሮውን ውኃ በሞላ ትሪ መሐል አድርጌ በረንዳው ላይ አቁሜዋለሁ።

ኤሉቤ ምን ትላለች ላሉት፣ ምንም አትልም። አሁን ታች ሰፈር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና፣ ሻይ እንኳን ሳትጠጣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የደረቀውን ቅጠል ትለቅማለች፣ አዲስ ቡቃያ ትተክልላቸዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ከመስኮቱ ጀርባ ቆሜ ሳለ አንዱን ትል «ቢስዊክ፣ ብላ እንጂ» ስትለው ሰማኋት። እኔ አልሰማሁም፣ እርስዎም አላነበቡም።

አውራ ዶሮው ጎረቤት አይረብሽም ወይ ብለው ጠይቀዋል። እንደ አሁኑ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ላይተን


ቺክዋዋ
ጁላይ 6 ቀን 1989

ባምቦ ላይተን፣

አፈጠጡ! ዘጠኝ ወጡ፣ ዘጠኙም አፈጠጡብኝ። ዓይናቸው የኔን ያህላል ብዬ ብምል ዓይን ያወጣ ውሸት ይሆንብኛል፤ ግን የሽንብራ ፍሬ ግማሽ ያህላል።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት፤ እዚህ የሚሰማኝ ሰው አጥቻለሁ፣ ጎረቤቶቼ እንደ እብድ ያዩኝ ጀምረዋል። ትሉ በልቶ ሲበቃው ቁልቁል ተዘቅዝቆ ይንጠለጠልና ቆዳውን ይጥላል፤ የሚቀረው አረንጓዴ ከረጢት ነው። በከረጢቱ ጎን ክንፉ ይታያል፣ ግን ምንም የለበትም፤ እንደ ራሰ ወረቀት ነጣ ያለ ነው። ሰኞ አየሁት፣ ባዶ። ማክሰኞ፣ ባዶ። እንዲያው ለከንቱ ደከምኩ አልኩ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት እሳት ላነድ ስገባ በዚያ ባዶ ላይ ነጭ ነጥብ ተቀምጣለች፤ ከነጥቧ ዙሪያ የወርቅ ቀለበት መጣ፤ ቀጥሎ ቡናማው እየጨለመ ሄደ፤ ጥቁሩ የመጣው ከሁሉም ኋላ፣ ሊወጣ ሲል ነው። ገንፎው አረረብኝ። ሁሉም ከመሐል ነው የሚጀምረው ባምቦ ላይተን፤ ጠጠር ኩሬ ውስጥ ሲወድቅ ውኃው ከመሐል ወደ ዳር እንደሚሰፋው ሆኖ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖሬ ይሄ ነገር ከምድጃዬ ጀርባ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። አለቀስኩ ብልዎት ይሳቁብኝ፣ ግድ የለኝም።

አሁን የቢስዊክን ሥራ ይስሙ። «ላይተን ከውስጥ ቀለም አስቀምጦበት ይሆናል» ብሎ፣ እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣ፣ ገና በተንጠለጠለ ማግስት የአንዱን ከረጢት ግራ ክንፍ መሐሉን በመርፌ ወጋው! ልገድለው ነበር። ቢራቢሮው ግን ወጣ። ቀኝ ክንፉ ላይ ዓይን አለ፤ ግራው ላይ፣ መርፌዋ የገባችበት ቦታ፣ የለም። ቀለበቱም ወርቁም ጥቁሩም ሁሉም ቀረ። መሐሉ ከተነካ ዳሩ አይመጣም ማለት ነው። ቢስዊክ ይሄን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረ።

አፈረ እንጂ አላመነም። «የአፍጣጭ ልጅ አፍጣጭ ሆነ፤ ምን ይደንቃል? እንቅልፋሙ ሌላ ዘር ነው ብዬስ ነበር» ይለኛል። እውነቱን ነው። የኔዎቹ የእርስዎን ልጅ አላዳኗትም፣ እንዲያውም አባሱባት። አሁን የቀረን የእርስዎዎቹ ናቸው። ሃምሳ ቀን ቀርቶናል።

ያ ጸጥተኛ ዶሮ ምን ይበላል?

ኤኒፋ


ዞምባ
ኦገስት 9 ቀን 1989

የተከበሩ ማዪ ኤኒፋ፣

አልሳቅሁም። ያንን ገጽ ለኤሉቤ አነበብኩላትና እሷም አልሳቀችም። የመርፌውን ስትሰማ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልጠየቅኩም።

በኋላ በላኩት ወረቀት ስንት ቀሩ ላሉት፣ አምስት። ስንት ጊዜ ፈጀባቸው ላሉት፣ የእርስዎዎቹ በሦስት ሳምንት የጨረሱትን የኔዎቹ በዘጠኝ ሳምንት። የተንጠለጠሉት ባለፈው ሳምንት ነው። እስካሁን ባዶ ናቸው።

ኤሉቤ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ነግራኛለች፤ ለምን እስካሁን ዝም አልሽ ስላት «ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። የእርስዎ ምድጃ ነው ትላለች። በሙቀትና በዝናብ ያደገ ዓይኑን ይከፍታል፤ እንሽላሊቱ ዓይኑን አየሁ ብሎ የክንፉን ጫፍ ነክሶ ይቀራል፣ ነፍሱ ትተርፋለች። በብርድና በደረቅ ወቅት ያደገ ግን ቅጠሉ ሁሉ ደርቆ ስለሚጠብቀው ዓይኑን ጨፍኖ ቅጠል መስሎ ይተኛል። እናቱ ያቺው አንዷ ናት። ማዪ ኤኒፋ፣ ይሄ እውነት ከሆነ ልጅቷ እውነቷን ነበር፤ በፌብሩዋሪ ያዩትን ቢራቢሮ ነው በሜይ የላከችው፤ ቢራቢሮው በወቅቱ ያለውን ልብስ ለብሶ ሄደ እንጂ።

ጭንቀቴ ይሄ ነው። በዚህ ብርድ እስኪወጡ ከጠበቅኩ ቢስዊክ ካሮንጋ ይገባል። እሳት ዳር ባደርጋቸው ይፈጥናሉ፤ ግን ሙቀቱ ዓይናቸውን ቢከፍተውስ? በገዛ እጄ የልጄን ቃል ውሸት አደረግሁት ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ወደ ምድጃው ወስጄ ሦስት ጊዜ መለስኳቸው። ምን ላድርግ?

ላይተን


ቺክዋዋ
ኦገስት 15 ቀን 1989

ባምቦ ላይተን፣

ያሙቋቸው! ዛሬውኑ ያሙቋቸው!

በጁላይ ደብዳቤዬ ሳልነግርዎ የቀረ ነገር አለ፤ የባቄላ ድስት ማስቀመጫ አጥቼ ነበርና አፍሬ ነው። ከተንጠለጠሉ አራት ቀን የሆናቸውን ሁለቱን አንስቼ ውኃ ጋኑ ሥር፣ እርጥብና ቀዝቃዛው ቦታ ወስጄአቸው ነበር። ከሌሎቹ ዘግይተው ወጡ፣ ግን እንደ ሌሎቹ አፍጥጠው ነው የወጡት። ገባዎት? ሁሉንም የሚወስነው ትል ሳለና በተንጠለጠለ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲያ ሐሳቡን አይቀይርም፤ ቢያሞቁት መፍጠን እንጂ ዓይን መክፈት አያውቅም። የእርስዎዎቹ ከሳምንት በላይ ሆኗቸዋል። ወስነዋል።

እንግዲህ ራስዎ ይዘዋቸው ይምጡ። ኋላ በፖስታ ተቀየሩ የሚል ወሬ አልፈልግም። ቢስዊክ ልብሱን ሻንጣ ከቷል። እኔ ለማንም ሳልነግር አንድ እግር ጫማውን ደብቄበታለሁ፤ ከሁለት ቀን በላይ ግን አያቆየውም።

አውራ ዶሮውንም ይዘው ይምጡ። ነገሩ ካልተሳካ በምስክር ፊት በሕይወቱ መመለስ አለበት፤ ደንቡን ከኔ በላይ ያውቁታል።

ኤኒፋ


ዞምባ
ኦገስት 21 ቀን 1989

የተከበሩ ማዪ ኤኒፋ፣

በኀሙሱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ቆርቆሮውን ከሆዴ ጋር አጣብቄ ሁለቱን ሹራብ ከላይ ለብሼበታለሁ፤ አንቀላፍቼ እንዳልጨፈልቃቸው ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አደርኩ። ትናንት ክንፋቸው መጥቆር ጀምሯል። አላየሁም፤ ፈራሁ።

ኤሉቤን አብረሽኝ ነይ አልኳት። «ሁለት መስመር ጽፎ የተሰናበተኝ እሱ ነው፤ መጀመር ያለበትም እሱ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

አውራ ዶሮው አይመጣም። ተበልቷል። መቼና ከማን ጋር ብለው በደብዳቤ አይጠይቁኝ። ሲያገኙኝ ይምቱኝ፤ ግን መጀመሪያ ቆርቆሮውን ላስቀምጥ።

ላይተን


ቺክዋዋ
ኦገስት 30 ቀን 1989

ባምቦ ላይተን፣

በሰላም ገብተው ይሆናል። ያልመታሁዎት ርኅሩኅ ሆኜ አይመስልዎ። ሁለት እንቅልፋም ቢራቢሮ ደረትዎ ላይ እንደ ሜዳልያ ተለጥፎ፣ እጅዎን ዘርግተው፣ «ማንም እንዳይነካኝ!» እያሉ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሰው እንዴት ይመታል? ያ ረዳት እስከ አሁን ባገኘኝ ቁጥር ይጠይቀኛል።

እርስዎ ቻምቦ ዓሣውን ሲበሉ ያላዩትን ልንገርዎ። ቢስዊክ ከኪሱ የክብሪት ቀፎውን አውጥቶ ከእርስዎዎቹ ጎን አስቀመጠው፤ ከነዚያ ጎን ደግሞ የኔን አፍጣጮች። አንዱን ከአንዱ አስተያየ። እናታቸው አንዷ መሆኗን እርስዎም እኔም እናውቃለን፣ እሱም ያውቃል። ከዚያ ጥጥ ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ «ታላቋ እማዬ፣ እኔ ደደብ ነኝ» አለኝ። «ተመስገን፣ እኔ ልነግርህ አፍሬ ነበር» አልኩት። አቅፌው ሁለታችንም አለቀስን። የካሮንጋው አውቶቡስ ያለ እሱ ሄደ፤ ጫማውንም መለስኩለት።

ግን አሁን የሚፈራው እሷን ነው። ይቅርታ ልጻፍላት ብሎ አራት ወረቀት ቀደደ። «በቃል ነው ያበላሸሁት፣ በቃል አላስተካክለውም» አለና፣ ለእርስዎ የሰጠዎትን የክብሪት ቀፎ አሸገ። ውስጡ ያለው ያ በመርፌ የወጋው ነው፤ አንድ ዓይኑ የተከፈተ፣ አንድ ዓይኑ የተጨፈነ። ስትከፍተው ምን አለች? ሌሊት እንቅልፍ የለውም፣ እኔንም አያስተኛኝም። ቶሎ ይጻፉ።

ቻምቦዬን በትሕትና አስበልቼ ሸኝቼዎታለሁ። አሁን ይመልሱልኝ፤ ዶሮዬን መቼ በሉት? ከማን ጋር?

ኤኒፋ


ዞምባ
ሴፕቴምበር 5 ቀን 1989

አማቴ ኤኒፋ፣

ዛሬ እንዲህ ብዬ ብጠራዎት ነውር የለበትም።

ኤሉቤ ቅዳሜ መጣች። ቀፎውን ሰጠኋትና የችግኝ ውኃ ላጠጣ የሄድኩ መስዬ በር ሥር ቆምኩ። ከፈተችው። ቀኙን ክንፍ አየች። ግራውን አየች። ወደ ብርሃን አወጣችው፤ መልሳ አየችው። እኔ የበሩን መቃን ያዝኩ። ከዚያ «ውይ! ጠቀሰኝ እኮ!» ብላ በሳቅ ፈነዳች፤ ጣቢያው ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ሁሉ ዞረው አዩን። ስትስቅ ስትስቅ ዕንባዋ መጣ፤ የእኔም መጣ። ከፌብሩዋሪ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

ዕንባዋን ጠርጋ «አጎቴ፣ የዶሮውን ነገሯቸው?» አለችኝ። «መበላቱን እንጂ የቀረውን አልነገርኩም» አልኳት። «እንግዲያው ሁሉንም ይንገሯቸው» አለች። ስለዚህ ይኸው።

ሜይ ስምንት ቀን ኤሉቤ ከፖስታ ቤት በቀጥታ ወደኔ መጣች። «ልኬለታለሁ፣ እሺ ብያለሁ፤ ዶሮውን ይረዱትና እንብላ፣ ደስታዬን የማካፍለው ሌላ ሰው የለኝም» አለችኝ። ሴት ዶሮዋ ሳትላክ አውራው አይታረድም። ይህን አውቃለሁ፤ ሆኖም ልጄ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅምና አረድኩት። በሳምንቱ የእርስዎ የስድብ ደብዳቤ ደረሰ። ያኔ ደንብ አፈረስኩ ብዬ ከማፈር ይልቅ «ዶሮው ተበልቷል፣ ልጅቷ እሺ ብላለች» ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ እርስዎም እኔም ሦስት ወር ትል ባላሳደግን ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ወይም አይበሉኝ፤ የምድጃዎን ጀርባ ባላዩት ነበር።

ሴት ዶሮዋን መርጫለሁ፣ ነጭ ናት፤ በመጪው ኀሙስ ከነልጅቷ እንመጣለን። ሌላ አውራ አዘጋጁልን፤ ይሄኛውን እስኪፈቀድልኝ አልነካውም።

ኤሉቤ ለቢስዊክ አንድ መልእክት አላት፤ በኔ እጅ እንዲጻፍ፣ በእርስዎ አፍ እንዲነገረው ትፈልጋለች። እንደ ነገረችኝ ልጻፈው፦

«ክንፍ የላኩልህ ዕለት፣ የዶሮህን ክንፍ የበላሁት እኔ ነኝ።»

ላይተን